ስለ ጅማ ዊኪፔዲያ ላይ ስትጽፉ ምንጭ እንዲህ ጥቀሱ

1999 የሚለው ቁጥር ለጅማ ሰው ሁለት ነገር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1999 ነው፤ ይህ የፈረንጆቹ 1999 ነው፣ በእኛ 1992 ዓ.ም.። የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደውም በ1999 ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የእኛው 1999 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2007።

ዊኪፔዲያ ላይ መጻፍ የጀመርኩ ሰሞን ይህን አላስተዋልኩም። ስለ ከተማችን የትምህርት ተቋማት አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ያየሁትን 1999 እንዳለ አመጣሁና ከጎኑ «ዓ.ም.» ጨመርኩበት። ምንጭ አልጠቀስኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ከወራት በኋላ አንድ ድረ ገጽ አንቀጼን ቃል በቃል ገልብጦ አወጣው። ከዚያ ሌላ ጸሐፊ መጣና በቅን ልቦና ምንጭ አልባውን ዓረፍተ ነገር አይቶ ምንጭ ሲፈልግለት ያንኑ ድረ ገጽ አገኘና ለጠፈበት። የእኔ ስህተት ዞሮ ዞሮ ለራሱ ምስክር ሆኖ ቆመ። ሊንክ አለው፣ የግርጌ ቁጥር አለው፣ ላየው ሰው የተረጋገጠ ይመስላል። ያን ቀን ከልቤ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ያንን ገጽ ለቤት ሥራቸው የሚከፍቱት የሰፈሬ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ምሳሌዎቼ ሁሉ ከጅማ ናቸው፣ የምጽፈው ስለ ጅማ ስለሆነ። አሠራሩ ግን ለየትኛውም ከተማ ይሆናል።

መጀመሪያ ምንጩ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ተገልብጠን ነው። የምናውቀውን እንጽፋለን፣ ከዚያ ለጻፍነው ነገር ምንጭ ፍለጋ እንወጣለን። እንዲህ ሲሆን የምናገኘው የሚስማማንን ነው፤ ትክክለኛውን ላይሆን ይችላል። መጽሐፉን ወይም ጽሑፉን ክፈቱ፣ አንብቡ፣ ከዚያ ያነበባችሁትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ዝግ ያለ መንገድ ነው፤ ግን የጻፋችሁት ሁሉ ከየት እንደመጣ እጃችሁ ላይ ይኖራል።

ዊኪፔዲያ ላይ ይዘትን የሚገዙ ሦስት መሠረታዊ ሕጎች አሉ። የተጻፈው ነገር ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለበት። የራስ ምርምር አይገባም። ሚዛናዊ መሆን አለበት። የማስረጃው ሸክም የሚወድቀው በጨማሪው ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ያስገባው ሰው ምንጩን ያመጣል እንጂ «እስቲ ውሸት መሆኑን አሳዩኝ» ማለት አይችልም። በሕይወት ስላለ ሰው ከሆነ ደግሞ ጠበቅ ይላል። ምንጭ የሌለው ስም የሚያጎድፍ ነገር ካያችሁ ውይይት ሳትጠብቁ አውጡት።

ምንጩ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ መሸከም አለበት። «ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 እ.ኤ.አ. ነገሡ፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ፣ የንግድ መንገዶችን አስፋፉ» ብላችሁ መጨረሻው ላይ አንድ ምንጭ ካስቀመጣችሁ፣ ያ ምንጭ ሦስቱንም መናገር አለበት። ስለ ንግሥናው ብቻ የሚናገር ከሆነ ከ«ነገሡ» ቀጥሎ አድርጉት፤ ለቤተ መንግሥቱና ለንግዱ ሌላ ፈልጉ። በጣም የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ሰው አስቀድሞ የተጻፈ ዓረፍተ ነገርና ምንጩ መሐል አዲስ ሐረግ ይሰነቅራል፣ የድሮው ምንጭ ደግሞ ሳያውቀው ለአዲሱ ሐረግ ምስክር ይሆናል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የቡናው ጉዳይ

የጅማ ሰው ዊኪፔዲያ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚያርመው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቡና ነው። ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ ናት እንላለን፤ ከፋዎች ደግሞ የለም እኛ ጋ ነው ይላሉ። ገጹ ላይ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያጠፋል፣ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ይቀጥላል።

ምንጮቹን እንይ። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ዓረቢካ ቡና በዱር ከሚበቅልባቸው ቦታዎች ዋናው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ይጽፋሉ። ይህን በጥሩ የሳይንስ መጽሔት ልትጠቅሱት ትችላላችሁ። ነገር ግን ያ ጽሑፍ መንደር ጠርቶ ካልተናገረ፣ እናንተ ከእሱ ተነስታችሁ «ስለዚህ ጮጬ ነው» ካላችሁ ድምዳሜው የእናንተ ነው። ምንጩ አላለውም። ይህ ነው የራስ ምርምር የሚባለው፤ ሁለት እውነተኛ ነገሮችን አጋጥሞ ማንም ያላለውን ሦስተኛ ነገር መናገር።

ታዲያ ስለ ጮጬ ምን ይጻፋል? የሚባለው እንደሚባል ሆኖ ይጻፋል። «በአካባቢው በሚነገረው ትውፊት መሠረት» ብላችሁ ትውፊቱን የመዘገበውን የታተመ ጽሑፍ ጥቀሱ፣ የከፋውንም በዚያው መንገድ አስቀምጡ። የፍየል እረኛውም ታሪክ እንዲሁ ነው። ቡና በልተው የጨፈሩት ፍየሎች ታሪክ በጽሑፍ ከሚታወቁት ቀደምት ቅጂዎች አንዱ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የታተመ ነው፤ ካልዲ የሚለው ስም የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለታሪኩ ዓመት ሰጥቶ «በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካልዲ የሚባል እረኛ ቡናን አገኘ» ብሎ እንደ ዜና መዋዕል መጻፍ ልክ አይደለም። አፈ ታሪክ ነው፣ አፈ ታሪክ ብላችሁ ጻፉት። እንዲህ ሲጻፍ ክብሩ አይቀንስም።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። በድሮው አስተዳደር ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ በንጉሡ ወይም በደርግ ዘመን የታተመ ሰነድ «ከፋ» ሲል የዛሬውን ከፋ ዞን ብቻ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ጅማንም፣ ጎማንም፣ ሊሙንም ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የቡና ምርት ቁጥር ከእንዲህ ያለ ሰነድ ስታወጡ የትኛውን ከፋ እንደሆነ አረጋግጡ። «ጅማ» የሚለውም ስም ቢሆን የእኛ ብቻ አይደለም። ወለጋ በኩል ጅማ ራሬና ጅማ ገነቴ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ።

የሽማግሌዎች ቃል

ይህ ልቤን የሚከብደው ክፍል ነው። ጅሬን ወጥታችሁ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ከተቀመጡ አባት ጋር ግማሽ ቀን ብታወሩ፣ የትም ያልተጻፈ ነገር ትሰማላችሁ። የማን ቤት የት እንደነበር፣ ሂርማታ ገበያ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር እንደተዛመደ። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ዊኪፔዲያ ላይ ልትጽፉት ስትሉ ይጠፋባችኋል፣ ምክንያቱም «አባባ ነገሩኝ» ምንጭ አይሆንም። አንባቢው ተመልሶ ሊያየው አይችልም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀየማል። የአፍ ታሪክ ያለው ሕዝብ እንዴት ይገፋል ይላል። ቅሬታው እውነት አለው፣ እኔም ይሰማኛል። መፍትሔው ግን ቃሉን መጀመሪያ የሚታተምበት ቦታ መውሰድ ነው። የታሪክና የፎክሎር ተማሪዎች ለመመረቂያቸው ሽማግሌዎችን ይጠይቃሉ፤ ጽሑፎቻቸው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ አንዳንዶቹም ኢንተርኔት ላይ ተጭነዋል። የዶክትሬት ጥናት ጠንካራ ምንጭ ነው። የማስተርስ ጥናትን ግን በጥንቃቄ ያዙ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ጠቅሰውት እንደሆነ ተመልከቱ። ሌላው መንገድ አባትየውን የሚያነጋግር ጋዜጠኛ ማግኘት ነው። በሬዲዮ ወይም በጋዜጣ ከወጣ የጣቢያውን ስም፣ የፕሮግራሙን ርዕስና ቀኑን ጠቅሳችሁ «እንዲህ ሲሉ ተናግረዋል» ብላችሁ ታስገባላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ቃላቸው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ምኑን እንመን?

የዩኒቨርሲቲ ማተሚያዎች መጻሕፍትና በባለሙያ የተገመገሙ መጽሔቶች ፊት ይቀድማሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሚያሳትማቸው መጽሔቶች አሉ፤ የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ጽሑፎቹም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባሉ። ስለ ጅማ ሕክምናና ጤና የምትጽፉ ከሆነ ከዚያ ጀምሩ።

የአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹን ያሳተመው ደራሲው ራሱ ነው፣ በራሱ ገንዘብ። ይህ ብቻውን መጽሐፉን መጥፎ አያደርገውም፤ ነገር ግን አርታዒ አላየውም፣ ገምጋሚ አልጠየቀውም ማለት ሊሆን ይችላል። ጀርባውን ወይም የመጀመሪያ ገጾቹን ስታዩ «ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ አታሚው ነው፤ አሳታሚው አይደለም። እኛ ጋ ሁለቱን ማደባለቅ በጣም የተለመደ ነው። አሳታሚ ካልተጻፈ «በደራሲው የታተመ» በሉ። ከዚያ ተመልከቱ፦ ደራሲው በርዕሱ ላይ የሚታወቅ ተመራማሪ ነው? ሌሎች ምሁራን ይጠቅሱታል? ራሱስ ምንጮቹን ይጠቅሳል?

የቱሪዝም ቢሮ ብሮሹር ጅሬን ከከተማው ምን ያህል እንደሚርቅ ለመጻፍ ይበቃል። «በአፍሪካ የመጀመሪያው» ለሚል ነገር ግን አይበቃም። የዜና ድረ ገጾችን ስትጠቅሱ አንድ ነገር አስተውሉ፦ አምስት ሚዲያ አንድ የኮሙኒኬሽን ቢሮ መግለጫ ቃል በቃል አውጥቶት ከሆነ ያላችሁ አምስት ምንጭ አይደለም፣ አንድ ነው። የፌስቡክ ፖስት፣ የቴሌግራም ቻናልና የግለሰብ ዩቲዩብ ስለ ራሳቸው ስለ ባለቤቶቹ ካልሆነ ይቅሩ። ሌላ የዊኪፔዲያ ገጽም ምንጭ አይሆንም፣ እንግሊዝኛውም ቢሆን።

ብዙዎቻችን ከእንግሊዝኛው እየተረጎምን ስለምንጽፍ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መተርጎም የተፈቀደ ነው፤ ከየት እንደተረጎማችሁ በአርትዖቱ ማጠቃለያ ላይ መጻፍ ግን ግዴታ ነው፣ የፈቃድ ውሉ ስለሚጠይቅ። ግርጌ ያሉትን ምንጮች እንዳሉ ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ በአንድ ክፈቷቸው። ግማሹ ሊንክ ሞቷል። ከቀረው ውስጥ የተባለውን የማይል ይገኝበታል።

ኤአይንም ልጨምር። «ስለ አባ ጅፋር ምንጭ ስጠኝ» ብትሉት የደራሲ ስም፣ ርዕስ፣ ገጽ ቁጥር አሰማምሮ ይሰጣችኋል፣ መጽሐፉ ግን ዓለም ላይ ላይኖር ይችላል። ዓይናችሁ ያላየውን መጽሐፍ አትጥቀሱ።

አጻጻፉ

መጽሐፍ ሲሆን ደራሲ፣ ርዕስ፣ አሳታሚ፣ ከተማ፣ ዓመት፣ ገጽ። የጋዜጣ ጽሑፍ ሲሆን ጸሐፊ፣ ርዕስ፣ የጋዜጣው ስም፣ ቀን፣ ገጽ። ገጽ ቁጥሩን አትዝለሉት። የሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ጠቅሶ ገጽ አለመናገር አንባቢውን ሐሙስ ገበያ ውስጥ «ሰውዬው እዚያ አለ» ብሎ እንደመላክ ነው።

የሐበሻ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ «ባሕሩ» ነው የሚባለው፣ «ዘውዴ» አባቱ ናቸው። ምንጭ በራሱ የሚሞላው መሣሪያ ግን ይህን አያውቅም፤ «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብሎ ይገለብጠዋል። ሙሉ ስሙን በተለመደው ቅደም ተከተል አስገቡ። ማዕረግ አትጨምሩ፤ ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ አቶ አያስፈልግም።

እትሙን ለዩ። አንትሮፖሎጂስቱ ኸርበርት ሉዊስ ስለ ጅማ መንግሥት የጻፈው መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ወጣ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሬድ ሲ ፕሬስ በሌላ ርዕስ እንደገና አሳተመው። ሁለት መጽሐፍ መስሎት ሁለቱንም ለአንድ ዓረፍተ ነገር የጠቀሰ ሰው አይቻለሁ። እጃችሁ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ጻፉ፤ ገጽ ቁጥሩም በዚያው እትም ይሁን።

ዓመቱን በምንጩ አቆጣጠር አስቀምጡ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትሉ ግን አንድም ዓመት አትጻፉ። ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ የፈረንጆቹ ዓመት የሚለወጠው ታኅሣሥ ሳያልቅ ነው። ምንጩ ዓመቱን ብቻ ከሰጠ አትገምቱ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉት በ1932 እ.ኤ.አ. ነው የሚል ምንጭ ብቻ ካላችሁ፣ በእኛ 1924 ወይም 1925 ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ 1932 እ.ኤ.አ. ብላችሁ ተዉት። ሕግም ላይ ይህ ያጋጥማል፦ ሕገ መንግሥቱ የታወጀበት አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 1/1987 ነው፣ በእንግሊዝኛ 1/1995። ሁለት አዋጅ አይደለም። የእግር ኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን ያሸነፈበት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ገጾች ላይ 2017–18 ተብሎ ነው የሚገኘው።

ቁጥር ስትጽፉ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ ተናገሩ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ከተማን ሕዝብ 120,960 ብሎ መዝግቧል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ትልልቅ ቁጥር ትንበያ ነው፤ ትንበያ ብላችሁ፣ ማን መቼ እንደተነበየው ጠቅሳችሁ አስገቡት። ቆጠራውን አጥፍታችሁ በትንበያ አትተኩ። ሁለቱም ይኑሩ።

ስትፈልጉ ደግሞ ፊደል ቀያይሩ። ጅማ፣ ጂማ። በላቲን ስትፈልጉ እንግሊዝኛው በ«ጄ» ይጀምራል፣ ጣሊያንኛው በ«ጂ»፣ ፈረንሳይኛው በ«ዲ»። የጣሊያን ዘመን ካርታና ፎቶ የሚገኘው በጣሊያንኛው አጻጻፍ ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠም እንዲሁ ውጤቱን ይለውጣሉ። ርዕስ ስትገለብጡ ግን የመጽሐፉ ሽፋን እንደጻፈው ይሁን፤ ፊደሉን አታርሙለት።

መሣሪያውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ማረሚያው ላይ የጥቅስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስትጫኑ ሳጥን ይከፈታል፣ ይሞላል፣ ያልቃል። እንግሊዝኛው ላይ ሊንኩን ወይም የመጽሐፉን አይኤስቢኤን (ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ብቻ ብትሰጡት ራሱ ይሞላል፤ ግን ስሙንና ቀኑን አረጋግጡ። ብዙ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት አይኤስቢኤን የላቸውም፣ አትጨነቁበት። ሊንክ ስትጠቅሱ ያያችሁበትን ቀን ጨምሩ፣ ገጹንም በዚያው ሰዓት ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድረ ገጾች ማኅደር ላይ አስቀምጡት። የአገራችን ድረ ገጾች ሊንክ ቶሎ ነው የሚሞተው፤ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በታደሰ ቁጥር የድሮው ሁሉ ይጠፋል።

ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ስታዩ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ የርዕሱ ገጽ፣ ከጀርባው ያለው የኅትመት ገጽ፣ የተጠቀማችሁበት ገጽ። መጽሐፉ ተውሶ ከሄደ ለወራት ላታገኙት ትችላላችሁ።

የሌላ ሰው ምንጭ አልባ ዓረፍተ ነገር ስታዩ ቶሎ አትሰርዙ፣ ስለ ሰው ስም ካልሆነ በቀር። አሥር ደቂቃ ፈልጉለት። ካጣችሁ «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚለውን ምልክት አድርጉና ውይይት ገጹ ላይ በትሕትና ጠይቁ። ጻፊው ምናልባት መጽሐፉ ቤቱ አለ፣ መጥቀስ እንዳለበት ብቻ አላወቀም።

ምንጮች ሲጋጩስ? የዩኒቨርሲቲያችን ዓመት ራሱ ይጋጫል። አንዳንዱ ጽሑፍ ከ1952 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል፣ የእርሻ ኮሌጁ የተከፈተበት ነው። ሌላው በ1983 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የጤና ሳይንስ ተቋም ያነሳል። ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱን መርጦ ሌላውን ውሸት ማለት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ዓመት የምን ዓመት እንደሆነ ብትጽፉ ግጭቱ ይፈታል።

እኔም በመጨረሻ ያደረግኩት ይህንን ነው። ሦስቱንም ዓመት ከነአቆጣጠራቸው ጻፍኩ፣ ለየአንዳንዳቸው ምንጭ ሰጠሁ፣ ያንን የገለበጠ ድረ ገጽ ከግርጌ አወጣሁት። መገልበጡን ያወቅኩት ከገጹ የአርትዖት ታሪክ ነው፤ የእኔ ዓረፍተ ነገር የገባበት ቀን ከድረ ገጹ ጽሑፍ ቀን በወራት ይቀድማል። ለድረ ገጹ ጻፍኩላቸው፣ መልስ አልመጣም። ጽሑፉ እንዳለ ነው። ስለዚህ ውይይት ገጹ ላይ ሁለት መስመር ትቻለሁ፦ ለዚህ ዓመት ያንን ድረ ገጽ አትጥቀሱ፣ የወሰደው ከእኛ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነበር።